«ጊዜ የለኝም» የሚሉ ጎረቤቶችን ሜዳ የማውጣት መመሪያ

በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እኛ ሰፈር፣ ሐዋሳ፣ የእሁድ ማስ ስፖርት ላስጀምር ብዬ ተነሳሁ። ፊሽካ ገዛሁ። «እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሜዳው ላይ፣ ሁሉም ሰው ተጋብዟል» የሚል ወረቀት አሳትሜ በየሱቁ በር ለጠፍኩ። በመጀመሪያው እሁድ 23 ሰው መጣ። በሁለተኛው 9። በአራተኛው እኔ፣ የአክስቴ ልጅ እና እዚያው ሜዳ ላይ የሚያድር አንድ ውሻ ብቻ ቀረን። ከሦስታችን በደንብ የሮጠው ውሻው ነው።

«ሰነፍ ሰፈር!» ብዬ ተራገምኩ። በነጋታው ጥግ ላይ ጀበና ቡና ለምትሸጠው ልጅ ይህንኑ ሳማርርላት፣ ቡናውን እየቀዳች «እሁድ ጠዋትማ ቅዳሴ ነው» አለችኝ። ስኳር ጨመረች። «ከቅዳሴ መልስስ ልጁን ለማን ጥዬው ልምጣ?» ስኒውን አማስላ ወደኔ ገፋ አደረገችው። «ደሞ እኔ ሱሪ አልለብስም።»

ስኒው እጄ ሳይገባ ሦስት ምክንያት። አንዱም ስንፍና አይደለም። ቀኑን የመረጥኩት እኔ፣ ለልጅ ቦታ ያላሰብኩት እኔ፣ ወረቀቱ ላይ ቱታ የለበሰ ወጣት ሥዕል ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። «ሁሉም ሰው ተጋብዟል» ብዬ ጽፌ፣ ከሥር ደግሞ ሰውን አንድ በአንድ ስመልስ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከሌላ ጫፍ ጀመርኩት። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከ30 እስከ 40 ሰው እንገናኛለን። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1. የመጣውን ትታችሁ የቀረውን ቁጠሩ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሜዳው ዳር ቁጭ በሉ። አንድ ሰዓት ይበቃል። በአንድ በኩል የሚጫወተውን ጻፉ፤ በሌላ በኩል በዳር የሚያልፈውን።

የኔ ወረቀት ላይ የተጻፈው ይህ ነበር። ኳስ የሚጫወቱ 26 ወንዶች፣ ሁሉም ከ14 እስከ 25 ዓመት የሚሆናቸው። ቆመው የሚያዩ ሌሎች ወንዶች። ሴቶች? ጀሪካን ይዘው የሚያልፉ፣ ልጅ አዝለው የሚያልፉ፣ ከገበያ የሚመለሱ። አንዴ ኳሱ ተንከባሎ ወደ አንዲት ልጅ ሄደ። ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ በግራ እግሯ መልሳ መታችው። አመታቷ ሜዳው ውስጥ ካሉት ከግማሾቹ ይሻላል። ከዚያ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። «ነይ ግቢ» ያላት የለም። እኔም አላልኳትም።

ነገሩ የኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው መረጃ ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርግ ያሳያል። ከወንዶች 29 በመቶ፣ ከሴቶች 34 በመቶ።

2. «ለምን ስፖርት አትሠሪም?» አትበሉ

ይህ ጥያቄ ወቀሳ ነው። ለወቀሳ የሚሰጠው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው፤ «ጊዜ የለኝም»። ሰውየውም ነገሩን ዘጋ፣ እናንተም ባዶ እጃችሁን ተመለሳችሁ።

እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፦ «ትናንት ከተነሳሽ እስክትተኚ ምን ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ዝም ብላችሁ ስሙ። ከውሃ ወረፋ እስከ ማታ ሽሮ ድረስ ስትዘረዝርላችሁ ክፍተቱ የት እንዳለ ራሷ ታገኘዋለች። ወይም ክፍተት እንደሌላት ታያላችሁ። ያኔ «ጊዜ የለኝም» ያለችው እውነቷን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ስፖርት የሠራሽው መቼ ነበር? ለምን ተውሽው?» ጉሊት የምትሸጥ አንዲት ጎረቤታችን ይህን ስጠይቃት ሳቀች። «ስምንተኛ ክፍል። በመቶ ሜትር የሚቀድመኝ አልነበረም። አንድ ቀን ቁምጣ ልበሱ ተባልን፤ ለበስኩ። ወንዶቹ ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ የስፖርት ክፍለ ጊዜ በመጣ ቁጥር አሞኛል እላለሁ።» ትንሽ ዝም ብላ «ይኸው እስካሁን አሞኛል ላይ ነኝ» አለች።

የሚነገረውና የሚታሰበው እንደሚለያይ ያወቅኩት ያኔ ነው። «ዕድሜዬ አለፈ» የሚሉ እናት ብዙ ጊዜ «ልጆች ይስቁብኛል» ማለታቸው ነው። «አሞኛል» የሚል ሰው ግፊት አለብህ ተብሎ ከተነገረው ወዲህ ልቡ ቢቆምስ ብሎ ፈርቷል። «ምን፣ ኃይሌን ልሆን ነው እንዴ?» የሚል ደግሞ ስፖርት ማለት ውድድር ብቻ መስሎታል። ሐዋሳ ላይ ይቺን መልስ ሳትሰሙ አትውሉም፤ የኃይሌ ሪዞርት ከሐይቁ ዳር ስላለ ስሙ ከአፋችን አይጠፋም።

ከ15 ሰው በታች ጠይቃችሁ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ሴቶችን ሴት ትጠይቅ። እኔ ስጠይቅ «ጊዜ የለኝም» ያሉኝ ሦስት ሴቶች ለአክስቴ የነገሯት ሌላ ነው። አንዷ የወር አበባዋ ሲመጣ የምትቀይርበት ቦታ ስለሌለ ነው የማትመጣው። ይህን ለኔ ትነግረኝ ኖሯል?

3. ቀኑንና ሰዓቱን እነሱ ይምረጡ

የኔ ትልቁ ስህተት እሁድ ጠዋት ነበር። ኦርቶዶክሱ ቅዳሴ ላይ ነው፣ ፕሮቴስታንቱ ለጸሎት ቤት እየተዘጋጀ ነው፣ እናቶች ደግሞ የሳምንቱን ልብስ ዘፍዝፈዋል። የሚተርፈው እንደኔ ያለ ወንደላጤ ብቻ ነው።

ሦስት አማራጭ ይዛችሁ ቅረቡና እጅ አስወጡ። እኛ ጋ ያሸነፈው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከ12፡10 እስከ 1፡00፣ ቅዳሜ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከ11፡00 እስከ 11፡50 ነው። 50 ደቂቃው የተመረጠው በምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሦስት ጊዜ 50 ልኩን ይሞላል። ያልሞላለትም አይጨነቅ። ድርጅቱ ራሱ «ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል» ይላል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ታኅሣሥና ጥር ላይ በ12፡10 ገና አልነጋም፤ ሴቶች በጨለማ አይወጡም፣ ልክም ናቸው። በነዚያ ወራት ወደ 12፡30 ግፉት። ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡበትን ሰዓትም አትንኩ። ምሳ ዕቃ ያልቋጠረች እናት ሜዳ ላይ ቆማ ልቧ ቤቷ ነው።

ጾም ሲገባ ብዙ ሰው ይጠፋል። ተስፋ ቆርጦ ሳይሆን አቅም አጥቶ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ አለ። በነዚህ ሳምንታት የጠዋቱን ቀለል ያለ እርምጃና ሰውነት ማሳሳብ ብቻ አድርጉት፤ ጠንከር ያለውን ወደ ቅዳሜ 11 ሰዓት ውሰዱት፤ ያኔ በልተዋል። በረመዳን ደግሞ ከማፍጠሪያ በፊት ያለችው ሰዓት ለቀላል እርምጃ ትሆናለች። ሮጠህ ሳታበቃ ውሃው ይደርሳል። አዛኑን ግን በሩጫ አታሳልፉባቸው።

4. ቦታ፦ ሐይቁ ያምራል፣ ግን

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፍቅር ሐይቅን ነው። እኔም። ከገብርኤል እስከ ሐይቁ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ ነው፤ ለእግር ጉዞ የተሠራ ይመስላል። ግን ሰፈራችሁ ሩቅ ከሆነ የባጃጅ ደርሶ መልስ በወር ሲደመር አንድ ጥሩ ጫማ ይገዛል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሐይቁ ዳር ስልክ ይዞ የማይቀርጽ ሰው የለም። ጀማሪ እናት መጀመሪያ የምትሸሸው ያንን ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል፤ ስፖርት ሠርታችሁ ስትሞቁ ሐይቁ ውስጥ ዘሎ መግባት ይቅር። ውሃው ቢልሃርዚያ አለበት። ጉማሬውም ወደ ዳር የሚወጣው ሲመሽና ሲነጋ ነው፤ ልክ እኛ ስፖርት በምንሠራበት ሰዓት። ከሸምበቆው ራቁ። ታቦር ተራራንም ለጀማሪ አትምረጡ። እኔ በሁለተኛው ወር ይዣቸው ወጥቼ፣ ግማሹ ሰው በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቅቶት ነበር። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚበጀው አጥር ያለው ግቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትምህርት ቤት ነው። ግቢውን ለማግኘት እንዲህ አድርጉ፦

ማመልከቻ ጻፉ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የትኞቹ ቀናትና ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለሚጠፋና ለሚሰበር ነገር ኃላፊነት የሚወስዱ የሦስት ሰዎች ስምና ፊርማ ይኑርበት። በምላሹ ምን እንደምትሰጡም ጻፉ። እኛ «በወር አንድ ቅዳሜ ግቢውን እናጸዳለን» ብለናል፤ ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው ያዩን እዚያ ቦታ ሲደርሱ ነው። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጋችሁ በአንዱ ላይ ማኅተም አስመቱ። ሰው ሲቀየር «ማን ፈቀደላችሁ?» መባሉ አይቀርም።

ከርዕሰ መምህሩ እኩል ግን ዘበኛው ነው። በሩን በ12 ሰዓት የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። አስቀድማችሁ ሄዳችሁ «አባባ፣ እንዲህ አስበናል» ብላችሁ አማክሯቸው። እኛ ሳናማክር ሄደን፣ አንድ ሙሉ ሳምንት ቁልፍ «ጠፍቶ» ነበር።

ሽንት ቤቱ እንደሚሠራና እንደሚቆለፍ፣ ውሃ መኖሩን እዩ። ሽንት ቤት የሌለው ቦታ ሴትን በዝምታ ያባርራል። መሬቱንም እዩ። የሐዋሳ አሸዋማ መሬት ለጉልበት ደግ ነው፤ ጡብ የተነጠፈበት ግን ለዝላይ አይሆንም።

አንድ ሕግ ከመጀመሪያው ቀን አውጡ። ፎቶና ቪዲዮ የለም። ለማስታወቂያም ቢሆን። ስልኮች ሁሉ በር ላይ ካለው ዘንቢል ይገባሉ።

5. ልብስ፣ ጫማ፣ ብር

አዲሱ ወረቀታችን ላይ በትልቁ የጻፍነው «በቀሚስ ይቻላል» የሚል ነው። ሥዕል የለውም። ይቺ አንዲት መስመር ያመጣችውን ሰው ያህል የኔ ፊሽካ አላመጣም። ረጅም ቀሚስ ከሥሩ ቱታ ተደርጎበት፣ ነጠላ ወገብ ላይ ታስሮ፣ ወይም ሂጃብ ተለብሶ የማይሠራ የጀማሪ እንቅስቃሴ የለም። ሂጃብ ላይ የሚያጉረመርም ካለ፣ የዓለም እግር ኳስ ሕግ አውጪ አካል እ.ኤ.አ. በ2014 በይፋ እንደፈቀደው፣ ቅርጫት ኳስም በ2017 እንደተከተለ ንገሩት።

ጫማ ላይ ግን አልደራደርም። በነጠላ ጫማ እየዘለለች ቁርጭምጭሚቷን ያዞረች ሴት አለችን፤ ጥፋቱ ዝም ያልኩት የኔ ነው። ሳልቫጅ ተራ ሂዱና እንዲህ ፈትሹ። ጫማውን ከጫፍና ከተረከዙ ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣት ጋ ነው፤ መሀሉ ላይ እንደ ካልሲ ከታጠፈ ተዉት። ቀጥሎ ተረከዙን ከጎንና ከጎን ተጫኑት፤ ጠንካራ መሆን አለበት። ገልብጣችሁ ሶሉን እዩ፤ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ ካለቀ የሌላ ሰው አረማመድ እየገዛችሁ ነው። ሙጫው የለቀቀ ለሊስትሮ ቀላል ነው፣ ለሱ ብላችሁ አትተዉት። የምትሞክሩት ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ያኔ አበጥ ይላል።

መሣሪያ? የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ በደረቅ አሸዋ ሙሉት፤ ወደ 800 ግራም ይመዝናል። ሁለት ከያዛችሁ ክንድ የሚያሠራ ክብደት አላችሁ። ክዳኑን በፕላስተር እሰሩት፤ አለበለዚያ አሸዋው ዓይን ውስጥ ይገባል። ገመድ ከገበያ በሜትር ይገዛል። ኳስ በሦስተኛው ወር ከእቁባችን ገዛን።

መዋጮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አትጠይቁ። አሥር ብርም ብትሆን። የሌላት ሴት «የለኝም» አትልም፤ ትቀራለች።

6. ልጆች ይምጡ

ልጅን ቤት ትታ የምትመጣ እናት የለችም ብላችሁ ጀምሩ። በየተራ አንዲት እናት ስፖርቱን ትታ ልጅ ትጠብቃለች። ተራዋ የሚደርሰው በወር አንዴ ገደማ ነው፣ ማንም አይከፋውም። ምንጣፍ፣ ጥቂት ቆርኪ፣ አሮጌ ኳስ ይበቃል። የሚያጠቡ እናቶች መሀል ላይ ወጥተው አጥብተው ይመለሳሉ፤ እንዲህ ይቻላል ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ። ከአራት ዓመት በላይ ያሉት ትንሽ ቆይተው ከእናቶቻቸው ኋላ ተሰልፈው መሥራት ይጀምራሉ። ከኛ ሁሉ አሳምረው የሚቀመጡና የሚነሱት እነሱ ናቸው።

7. የመጀመሪያው ቀን

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚበላሸው። አሰልጣኙ ጉልበቱን ሊያሳይ ይነሳል፣ እንግዳው በ10 ደቂቃ ውስጥ ጥግ ላይ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ በማግስቱ ደግሞ አይመጣም።

የመጀመሪያውን ቀን 25 ደቂቃ ብቻ አድርጉት። 5 ደቂቃ እርምጃ፣ እያወሩ። 5 ደቂቃ መገጣጠሚያ ማሟሟቅ፤ አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት። 8 ደቂቃ ትንሽ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በየመሀሉ ከወንበር እንደመነሳት መቀመጥና መነሳት፣ አሥር ጊዜ። 5 ደቂቃ ቀስ ያለ እርምጃ። ቀሪው ማሳሳብ። «በቃ?» ማለታቸው አይቀርም። በቃ። እንዲያምራቸው አድርጋችሁ ሸኟቸው።

የልኩ መለኪያ ቀላል ነው። እየሠራች ማውራት ከቻለች፣ መዝፈን ግን ካቃታት ልክ ነው። ማውራት ካቃታት ቀንሱ።

በሰልፍ አታቁሙ፤ በክብ ቁሙ። ሰልፍ ፊትና ኋላ አለው፣ ኋላ ያለው ፊት ያለውን ያያል፤ ወፍራም ነኝ ብላ የምታፍር ሴት የሚያስጨንቃት ይኸው ነው። ሚዛን አታምጡ። ማን ከማን በለጠ አትበሉ። ፊሽካ አትንፉ፤ ፊሽካ ለብዙ ሰው ትምህርት ቤትን ያስታውሳል፣ በመልካም አይደለም። የኔ ፊሽካ አሁን የአክስቴ ልጅ ቁልፍ መያዣ ነው።

ስትጠሩም ተጠንቀቁ። እናቶችን «አንቺ» ብሎ የሚያዝ የ22 ዓመት አሰልጣኝ ነበረን። ልጁ ችሎታ አለው፣ ግን ሦስት እናቶች በዚያች «አንቺ» ቀሩ። አሁን «እትዬ፣ ጉልበትዎን ትንሽ ይክፈቱ» ይላል።

ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ካለች አስቀድማ ሐኪም ታማክር። የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በወር አንዴ መጥታ ግፊት እንድትለካ ጠይቋት። እኛ ስንለካ፣ ግፊት እንዳለባቸው የማያውቁ ሰዎች ተገኙ። ግፊታቸው በሕክምና የተያዘላቸው አሁን ከኛ ጋር እየተራመዱ ነው። ደረቱን ያመመው፣ ያዞረው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወዲያው ያቁም፤ «ጨክን፣ ትንሽ ቀርቷል» የሚባል ነገር የለም።

የሽንት ቤቱ መስኮት ላይ የንጽህና መጠበቂያ ያለበት ትንሽ ቦርሳ አክስቴ ታስቀምጣለች። ማንም አያወራበትም። ያለቀ ዕለት በሌላ ይሞላል፤ ማን እንደሞላው አይታወቅም።

8. በር ላይ የሚቆመው ሰው

በሁለተኛው ወር ክራንች የያዘ አንድ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን አገኘሁት። «ግባ እንጂ» አልኩት። «ገብቼ ምን ልሥራ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ፈገግ አለና ሄደ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ በጣም የማፍርበት ይህ ነው፤ መጋበዙን አውቄ ማዘጋጀቱን አላወቅኩም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ሁለት ጠንካራ፣ እጀታ የሌለው ወንበር አስቀምጡ። ተቀምጦ የሚሠራ ብዙ ነው፤ ያሸዋ ፕላስቲኮቹን ወደ ላይና ወደ ጎን ማንሳት፣ ኳስ በደረት መወርወርና መቀበል፣ ወገብን ማዞር። ክቡ ውስጥ ይቀመጥ፣ ዳር አይደለም። ምን እንደሚችል ደግሞ እናንተ አትወስኑለት፤ ጠይቁት። ያ ልጅ በኋላ ተመልሶ መጣ። በክንዱ ከሁላችንም በላይ ይችላል፤ ክራንች ዓመት ሙሉ ያሠለጠነው ክንድ ነው።

ማየት ለተሳነው ሰው የሚያስፈልገው አጭር ገመድ ነው፤ ከአንድ ክንድ ያጠረ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀለበት የተቋጠረበት። እሱ አንዱን ይይዛል፣ መሪው ሌላውን። መሪው አይጎትትም፣ ከጎኑ እኩል ይሄዳል። «ከሦስት እርምጃ በኋላ ወደ ቀኝ»፣ «ጉድጓድ በግራ» እያለ ይናገራል። መጀመሪያ እናንተው ዓይናችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ ሞክሩት፤ የመሪው ድምፅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያኔ ይገባችኋል።

«ለአካል ጉዳተኛ ስፖርት ምን ያደርግለታል?» የሚል ሲገጥማችሁ፣ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ሽባ ከሆነ በኋላ በ1970 እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ መወዳደሩን ንገሩት። ትዕግስት ገዛኸኝ ደግሞ ከቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር የአገሪቱን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ ፓሪስ ላይም ደገመችው። ሕጉም ከጎናችን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 30 ላይ ስፖርትን በስም ይጠቅሳል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ መወጣጫ እንዲሠራ ስንጠይቅ ይህን አንቀጽ ማመልከቻው ላይ ጠቅሰነዋል። መወጣጫውን በመጨረሻ የሠሩት የሰፈሩ ግንበኞች ናቸው፣ በአንድ ቅዳሜ።

9. ቤተሰብ

«ባሌ አይፈቅድም» ወይም «አማቴ ምን ትላለች» ሲባል ከባልየው ጋር ክርክር አትግጠሙ። ተከራክራችሁ ብታሸንፉ እንኳ የሚከፈለው በሷ ነው። እኛ የሠራልን ዘዴ አንድ ነው፤ የሴቶች እድር ሰብሳቢዋን ማምጣት። ስልሳ ያለፋቸው፣ የተከበሩ እናት ናቸው። ሦስቴ ሄደን ለመንናቸው። በአራተኛው ማክሰኞ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። ከዚያ በኋላ «የት ነበርሽ?» ለሚል ባል መልሱ «ከእድሯ እናት ጋር» ሆነ። ማን ይናገራል?

ባሎችንም ቅዳሜ ጥሯቸው። ከመጡት ሁለቱ ከኛው ጋር ቀጥለዋል፤ አንዱ አሁን ልጅ ጠባቂ ተራ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ሳቁበት። አሁን ልጆቹ የሚፈልጉት እሱን ነው።

10. ሲጠፉ

ስም መዝግቡ፣ ግን ለወቀሳ አይሁን። ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው ቤት ቡና አስፈልታችሁ ሂዱ። «ምነው ጠፋሽ?» አትበሉ፤ ሁለተኛው ላይ ያሉትን ጥያቄዎች እንደገና ጠይቁ። መልሱ ተቀይሮ ታገኙታላችሁ። አማች ታማ ይሆናል፣ የውሃ ተራው ተዛውሮ ይሆናል፣ ጫማው አልቆ ይሆናል።

ክረምት ሲገባ ከወዲሁ ጣራ ያለው ቦታ ፈልጉ። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲያስቀር ሰው ይለምደዋል፣ መስከረም ላይ የምትጀምሩት ከዜሮ ነው። እኛ የትምህርት ቤቱን አንድ ክፍል ወንበሩን ወደ ግድግዳ ገፍተን እንሠራለን፤ 20 ሰው ይይዛል፣ የቀረው በረንዳ ላይ።

እስካሁን መፍትሔ ያላገኘሁላቸው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ሦስትና አራት ሆነው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ብዙ አሉ። ፈረቃቸው ስለሚቀያየር ማክሰኞ ጠዋት የተባለ ቀን የላቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ውለው ደግሞ «ኑ ዝለሉ» ማለት ያሳፍራል። ሄጄ ሳነጋግራቸው አንዷ «መዝለሉን ተወውና ወገባችንን የሚያፍታታ ነገር ካለ ንገረን» አለችኝ። አሁን አክስቴ ረቡዕ ማታ እነሱ ግቢ ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ የ20 ደቂቃ ማሳሳብ ታሠራለች። ባለፈው ሳምንት አራት መጡ። አንዷ ጀርባዋን መሬት አስነክታ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። አልቀሰቀስናትም።